ኮምጣጣ የመሰለኝ ደም

ሕመሙ የጀመረኝ በከንፈሬ ነው። ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው። ባለቤቴ አስቴር ግን የጀመረኝ በእግሬ እንደሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ካልሲ ሳጠልቅ የባቴ ጡንቻ እየተኮማተረ አልጋው ላይ ስፈራገጥ ታየኝ እንደነበር ትናገራለች። ከሁለታችን እርሷን ማመን ይሻላል። በዚያ ሕመም ሳቢያ ካጣኋቸው ነገሮች አንዱ በገዛ ትዝታዬ ላይ የነበረኝ መተማመን ነውና፣ አንባቢም የምጽፈውን ሁሉ በዚሁ ጥንቃቄ እንዲቀበለው አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የምጽፍበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ጨጓራው የሚያቃጥለው፣ ሥራው የሚያስጨንቀውና ከየአቅጣጫው "ይህን ብላ፣ ያንን ተው" የሚባል ሰው በከተማችን ብዙ ነው፤ ከእነርሱ አንዱ እንኳ እኔ ካለፍኩበት መንገድ ቢተርፍ ደስ ይለኛል።

በሆሳዕና፣ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የተወለድኩት ግን ሞርሲቶ ነው፤ አባቴ ከሰሜን ሸዋ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። እናቴ ገና ነፍስ ሳላውቅ ስላረፈች፣ አጥሯ ከአጥራችን የተያያዘው ጎረቤታችን ታደለች አሳደገችኝ። "አማ" ነው የምላት፤ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሆሳዕና ስመጣ፣ በየገበያው ቀን ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በጭነት መኪና ትልክልኝ ነበር። ቅጠሉን ስፈታው የሚወጣው ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ፣ በዚያች ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ የሞርሲቶን ጓሮ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ያኔ ሆሳዕና እንደ ዛሬው አልነበረችም። ከአስፋልት ይልቅ ጭቃ የበዛባት፣ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲወርድ ሰው ሰውን በሳሉ የሚለይባት ከተማ ነበረች፤ ወይም እኔ እንደዚያ አድርጌ አስቀምጫታለሁ።

የክልሉ መዋቅር ተለውጦ መሥሪያ ቤቶች ወደ ከተማዋ መጉረፍ ሲጀምሩ የእኔም ኑሮ ተለወጠ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ቀኑ በስብሰባ፣ ምሽቱ በሪፖርት ያልቃል፤ የመምህራኑ ቅሬታ፣ የተማሪዎቹ አቤቱታ፣ የአለቆቼ ስልክ አንዱ ከሌላው ጋር ተደራርቦ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ምሳ ማለት በቆምኩበት የምውጠው ዳቦና ሻይ ሆነ። ጨጓራዬ ማቃጠል የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ መንግሥቱ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ እንደማያስብልኝ ዛሬም አልጠራጠርም። "አንተ ሰው፣ ዝም ብለህ ትሞታለህ እንዴ? ተነሥ፣ አንድ ቦታ ልውሰድህ" ብሎ ወደ አንድ አዳራሽ ወሰደኝ። በአዳራሹ ውስጥ ክራባት ያሰረ ወጣት "የተፈጥሮ ጤና" ስለሚባል ነገር እያስተማረ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ በየተራ ወደ ፊት እየተጠራን በትንንሽ ወረቀቶች ላይ ምራቃችንን አስነካን። የእኔ ወረቀት ወደ ቢጫ አደላ።

"አዩት?" አለ ወጣቱ፣ ወረቀቱን ለአዳራሹ ከፍ አድርጎ እያሳየ። "ሰውነትዎ አሲድ ሆኗል። ፒኤችዎ ወርዷል። የበሽታ ሁሉ ሥር ይህ ነው።"

ፒኤች ማለት የአንድ ነገር አሲድነት ወይም የአሲድ ተቃራኒ የሆነው የአልካሊነቱ መለኪያ ነው። ቃሉን ስሰማ የተሰማኝን በትክክል አስታውሳለሁ ብዬ አምናለሁ። የተሰማኝ ጥርጣሬ ሳይሆን ናፍቆት ነበር። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ፣ ነጭ ጋወን ለብሰን በላቦራቶሪው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን፣ ወረቀት ቀለሙን ሲቀይር በግርምት ያየንበት ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ዓለም በሙሉ በቀለም የሚለካ የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ። ያንን ልጅ መልሶ ያመጣልኝን ሰው እንዴት ልጠራጠረው? በምራቅ የተነካ ወረቀት ስለ ደም ምንም እንደማይናገር ብጠየቅ ኖሮ ምናልባት መመለስ አያቅተኝም ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

የታዘዘልኝ ቀላል ነበር። ሥጋ፣ ወተትና አይብ ክልክል፤ የኮመጠጠ ሁሉ ክልክል፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠ ሶዳ፣ ያው ለዳቦና ለኬክ የሚጨመረው። ቤት ገብቼ ለአስቴር "ከዛሬ ጀምሮ ቆጮ አልበላም" አልኳት።

አስቴር የገጠር፣ የሀቢቾ ልጅ ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተመለከተችኝ።

"ቆጮ ምን አደረገህ?"

"አሲድ ነው። ሲብላላ የኮመጠጠ ነገር ነው፤ ደምን ያኮመጥጣል።"

"እንዲያ ነው?" አለች። "እንግዲያው አባቴ ዕድሜ ልኩን አሲድ ሲበላ ኖሮ ነዋ ይኼው ዛሬም በሬ የሚጠምደው! ደውዬ ልንገረው፣ ደንግጦ እንዳይሞት እንጂ።"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ቆጮውን ግን ተውኩ። መናገር ያለብኝ አንድ እውነት አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሶዳው ሠርቶልኛል። ቃጠሎው በረደ። ሰው የሚታለለው እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱ ከመጉዳቱ በፊት ይረዳል። ጨጓራዬ እንደገና ሲነሣብኝ መጠኑን ጨመርኩ፤ በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥም አንድ ፓኬት አስቀመጥኩ።

ከዚያም ያ ስብሰባ መጣ። የአንድ መምህር ዝውውር አከራክሮን ነበር። እየተናገርኩ ሳለ ትንፋሼ አጠረኝ፤ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመርኩ። ከንፈሬን ጉንዳን የወረረው መሰለኝ። ወዲያው የቀኝ እጄ ጣቶች ከቁጥጥሬ ውጪ ተሰበሰቡ፤ አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ታጠፈ፣ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ተጣበቁ፤ ከከረጢት ጨው ለመቆንጠር የተዘጋጀ እጅ ይመስል ነበር። እስክሪብቶዬ ወደቀ። እስክሪብቶው ወለሉን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ፣ ወይም የሰማሁ የመሰለኝ ድምፅ፣ ከመቅጽበት ወደ ሌላ ክፍል ወሰደኝ።

በሞርሲቶ ትምህርት ቤት፣ አባቴ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሟል። የቀኝ እጁ ጣቶች ታጥፈዋል። ጠመኔው ከእጁ ወድቆ ይሰበራል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ያነሳዋል። ይህንን ምስል ለዓመታት ተሸክሜው ኖሬአለሁ፤ "የነርቭ ሕመም ነው" የሚለውን የራሱን ድምፅ ጭምር። አባቴ የሞተው እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ማግስት ነው። በዚያች በስብሰባው አዳራሽ፣ የታጠፉ ጣቶቼን ጠረጴዛው ሥር ደብቄ፣ "መጣ" አልኩ በልቤ። "የእርሱ መጣብኝ።"

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ሁለቱም እንዳሉብኝ ነገረኝ። በአካባቢያችን ደሙን ሰጥቶ ከእነዚህ ከሁለቱ ነፃ ሆኖ የሚወጣ ሰው ብርቅ ነው። መርፌ ተወጋሁ፤ ባሰብኝ። በሁለተኛው ክሊኒክ ያገኘሁት ባለሙያ የተሻለ አድማጭ ነበር። ስለ ሶዳው አልነገርኩትም፤ መድኃኒት ነው ብዬ አላስብም ነበርና "የምትወስደው መድኃኒት አለ?" ሲለኝ "የለም" አልኩ፤ አልዋሸሁም። ስለ አባቴ እጅ ግን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕመሜ "የቤተሰብ ነርቭ" የሚል ስም አገኘ፤ የቫይታሚን መርፌ ታዘዘልኝ። እኔም በየሄድኩበት ስለ ጨጓራዬ ሳይሆን ስለ አባቴ እናገር ጀመር።

ቤታችን የሁለት እምነት ቤት ነው። ዘመዶቼ ጠበል አመጡልኝ፤ የአስቴር ቤተ ክርስቲያን እኅቶችም በዚያው ምሽት ለጸሎት መጡ። አንዷ እኅት የጠበሉን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አይታ ፊቷን አዞረች፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዝማሬው እስኪያልቅ ደጅ ቆሞ ጠበቀ። በኋላ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረው "እንዲህ ሆኖ ቀረ እኮ፣ ምነው ከሳ!" እያሉ ስለ እኔ እኔ በሌለሁበት ያህል ሲያወሩ አስቴር ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የክሊኒኩ ወጪ ለቤቱ ጣሪያ ያስቀመጥነውን በልቶታል፤ እርሷ ግን ስለዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ደግሞ በትንሹም በትልቁም እቆጣ ነበር፤ ስቆጣ ትንፋሼ ይፈጥናል፤ ትንፋሼ ሲፈጥን ጣቶቼ ይሰበሰባሉ፤ ጣቶቼ ሲሰበሰቡ እፈራለሁ።

እውነተኛው ፍርሃት የመጣው ግን በስልክ ነው። ልጃችን ቤተልሔም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ስለ ጤናዬ ጠይቃኝ ስታበቃ፣ ዋዛ አስመስላ "አባዬ፣ እኔም እኮ ሳጠና እጄ ይደነዝዘኛል፤ የአንተ ተጋባብኝ መሰለኝ" አለች። ሳቀች። ከአባቴ ወደ እኔ የመጣ ነገር ከእኔ ወደ እርሷ የማይሄድበት ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የምፈራው ለራሴ አልነበረም።

አንድ ጠዋት የኮሌጁን ደረጃ ስወጣ እግሮቼ ከዱኝ። አላመመኝም፤ ዝም ብለው የእኔ መሆናቸውን ተዉ። መንግሥቱና አንድ ተማሪ ደግፈው ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ አስቴርም ደረሰች። በተጠባባቂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎምቦራ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ሚስታቸውን አስተኝተው ውጤት ይጠብቃሉ። እግሬን ሲያዩ ቆዩና "ምንህን ነው?" አሉኝ።

"አላወቁትም፣ አባባ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።"

"የእኔም በሬ እንደዚህ ይሆናል።" ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቆርቆር አደረጉት። "ቦሌ ነው የማበላው፤ ይነሣል።"

ቦሌ ለከብት የሚሰጥ ጨዋማ አፈር ነው። አስቴር "እንግዲያው ለእርሱም ይላኩለት፣ አባባ" አለቻቸው።

"ይሄ መምህር ነው መሰለኝ፤ በነፃ አይሆንም። አርሶ ይክፈለኝ!"

አግዳሚው ሙሉ ሳቀ፤ ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ከልቤ ሳቅኩ። ስሜ ተጠርቶ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፉኝ ሽማግሌው ከኋላዬ "እግዚአብሔር ይማርህ፣ በሬው" ሲሉ ሰማኋቸው።

ዶክተሯ የዱራሜ ልጅ ናት፤ ገና ወጣት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። የልቤን ምት በማሽን አንሥታ፣ ወረቀቱን ደጋግማ አይታ፣ ደሜን ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ አልጋዬ አስጠጋች።

"ፖታሺየምዎ በጣም ወርዷል። ጡንቻም ልብም የሚሠራበት ማዕድን ነው። ያስመልስዎት ነበር? ተቅማጥስ?"

"የለም።"

"ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት? የደም ግፊት ኪኒን?"

"ምንም መድኃኒት አልወስድም።"

"ሶዳውስ?" አለች አስቴር።

ዶክተሯ ወደ እርሷ ዞረች። "የምን ሶዳ?"

"የዳቦው ነዋ። እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ደሙ ኮምጥጧል ብለውት።"

"ማነው ያለው?"

"ወረቀት" አለች አስቴር፤ እኔን እንዳታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ዶክተሯ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ያስረዳችኝን ከሞላ ጎደል በራሷ ቃል ላስቀምጠው። "ደምዎ አሲድ አልሆነም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። በአፍ የሚኮመጥጥ ነገር ደም ውስጥ ገብቶ አይኮመጥጥም። የደምን ሚዛን የሚጠብቁት ሳንባና ኩላሊት ናቸው፤ ጤነኛ ከሆኑ ምግብ በዋዛ አያዛባቸውም። እርስዎ ግን ጠዋት ማታ ሶዳ ሲጨምሩበት ኩላሊትዎ ሶዳውን ለማስወጣት ሲታገል ፖታሺየሙን አብሮ አፈሰሰው። የሚተካውን ምግብ ደግሞ ከለከሉት። በዚያ ላይ ሲጨነቁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፤ እርሱም ደምን ወደዚያው አቅጣጫ ይገፋዋል። ያኔ ካልሲየሙ ደም ውስጥ እያለ እንኳ ለነርቭና ለጡንቻ እንደሚገባ አይሠራም። ጣቶችዎ የሚሰበሰቡት ለዚህ ነው።"

እፎይ ልል ስል ቀጠለች። "አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ስለ አባትዎ እጅ የነገሩኝ። ፖታሺየም እየወረደ እጅና እግር የሚያዝል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ግን አለ። ያ ከሆነ ሶዳው ቀሰቀሰው እንጂ አላመጣውም። አዲስ አበባ ልልክዎት ግድ ይለኛል፤ ልጅዎትም መታየት አለባት።" ብዕሯን ይዛ ጠበቀች። "ስለ አባትዎ እርግጠኛ ነዎት?"

አፌን ከፈትኩ። "አዎ" ለማለት ነበር። ግን ጠመኔው ሲወድቅ ያየሁት በየትኛው ክፍል ተቀምጬ እንደሆነ ልነግራት ስፈልግ፣ የተቀመጥኩበትን ወንበር አጣሁት። አባቴ እኔን ያስተማረኝ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነበር፤ ያኔ በቀኝ እጁ፣ በዚያ ቀጭንና ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ ሲጽፍ አስታውሰዋለሁ። ታዲያ የታጠፈው እጅ መቼ መጣ?

"የማውቅ ይመስለኝ ነበር" አልኳት።

በክንዴ ደም ሥር የሚገባው ፖታሺየም ያቃጥላል፤ ስለዚህ በዝግታ ነው የሚንጠባጠበው። ሌሊት ሌሊት ጠብታውን እያየሁ የቤተልሔምን ጣቶች አስብ ነበር፤ ሕፃን ሳለች ጣቴን ስትጨብጠኝ የነበረውን ጉልበት። የጎምቦራው ሽማግሌ ሚስታቸውን ለማየት ሲመጡ በእኔም በኩል እያለፉ "ቱማ?" ይሉኛል፤ ደህና ነህ ወይ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን እርጎ በብርጭቆ አመጡልኝ። ከስንት ወራት በኋላ የኮመጠጠ ነገር ቀመስኩ፤ በዓይኔ እንባ ሞላ፤ ዶክተሯም ብርጭቆውን አይታ "ጥሩ" ብላ አለፈች። በቀስታ መተንፈስንም ያስተማረችኝ እርሷ ናት፤ ትንፋሽን በአፍንጫ አስገብቶ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በከንፈር ቀስ አድርጎ ማስወጣት። እግሮቼ ተመለሱ፤ ከዚያ ጣቶቼ።

ስለዚህ ለአንባቢ የምለው ይህ ነው። ጨጓራ ያመመው ሰው ይመርመር፤ ሶዳ በየዕለቱ የሚጠጣ ውሃ አይደለም። ለሐኪም ስትናገሩ መድኃኒት የማይመስላችሁን ሁሉ ጨምራችሁ ተናገሩ። ወተቱን፣ ድንቹን፣ ባቄላውን፣ ሙዙን፣ ቆጮውን፣ ያደጋችሁበትን ምግብ ያለ ምርመራ በአንድ ሰው ቃል አትተዉ። እነዚህ መድኃኒት ናቸው እያልኩ አይደለም፤ እኔን ያዳነኝ ሕክምና ነው። ጭንቀትም "የአእምሮ ነገር ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በትንፋሽ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኜ መናገር እችላለሁ። ስለቀረው እርግጠኛ ለመሆን ግን ሞርሲቶ መሄድ ነበረብኝ።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ በሚኒባስ ሄድኩ። አማ በደጇ ፀሐይ ትሞቃለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ እርምጃዬን ሰምታ ግን "መጣህ? ታመሃል ብለውኝ" አለች፤ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ። ቤቷን አላወቅሁትም፤ የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ተተክቷል፤ የአባቴን ቤት የገዙት ሰዎች አጥሩን በግንብ ሠርተውታል። በአጥሩ ውስጥ ሾልኬ የማልፍበት ቀዳዳ የት ጋ እንደነበረ ፈልጌ አጣሁት።

"አማ" አልኳት፣ "የአባቴ እጅ ምን ሆኖ ነበር?"

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"የነርቭ ነው ይል ነበር። ሐኪሟ የዘር ሕመም ሊሆን ይችላል ትላለች። ለቤተልሔምም ፈርቼአለሁ።"

"ለልጅቷ?" ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። "ለልጅቷ ደግሞ ምን?"

"ከአባቴ ከወረስኩት እርሷም ወርሳለች።"

አማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች፤ የምታለቅስ መሰለኝ። ሳቅ ነበር።

"ውይ መምህር! ውይ አባትህ! 'ታደለች፣ ለልጄ እንኳ እንዳትነግሪ' ብሎ አስምሎኝ ነው። ከሞተ ስንት ዓመቱ? አሁን እርሱ ይቅር ይለኛል። ልጅቷ ትበልጣለች።" ወደ እኔ ጠጋ አለች። "ከፈረስ ወድቆ ነው።"

"ከፈረስ?"

"የያሆዴ ዋዜማ ነበር።" ያሆዴ በመስቀል ሰሞን የሚከበረው የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው። "ረቡዕ ዋለ። አባትህ ደግሞ የእናንተ ማኅበር መሪ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ውሃም በስንት መከራ ነው የሚጠጣ። የወንድሜ ቤት ሄደ፤ 'እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ልመለስ' ብሎ። አተካና ቀረበ።"

አተካና በዚያች ምሽት የሚቀርብ፣ ከቡላ፣ ከቅቤና ከአይብ የሚሠራ ምግብ ነው። ሽታውን እምቢ ያለ ሰው አላውቅም።

"በላ?"

"'ቅመስ' አሉት፤ ቀመሰ። ከዚያ ማን ያስቁመው! ወንድሜ ሲምልልኝ፣ ሳህኑን በጣቱ ነው የጠረገው። ሲመለስ የተዋሰው ፈረስ ወንዙ ጋ ደነበረበት፤ በእጁ ላይ ወደቀ። ወጌሻ አሸው፣ በትክክል አልገጠመም፤ ጣቶቹ ታጥፈው ቀሩ። 'እግዚአብሔር በበላሁበት እጄ ቀጣኝ' እያለ ሲያዝን ኖረ። ሰው ሲጠይቀው ጊዜ ነርቭ ነው ይላል። ነርቭ! የቅቤ ነርቭ!"

ሁለታችንም እየሳቅን ትንፋሻችን ተቆረጠ። እኔ በከንፈሬ ቀስ አድርጌ ማስወጣት ነበረብኝ።

"ጠመኔ ከእጁ ሲወድቅ፣ ልጆች ሲስቁበት አይቻለሁ፣ አማ።"

"አንተ? የት ሆነህ? ያኔ ሆሳዕና ነበርክ፤ ቆጮ እልክልህ ነበር። ደግሞ በመምህር ማን ይስቃል! በግራው መጻፍ ለመደ፤ ከቀኙ ያምር ነበር ይላሉ።"

"እግሩስ? ደክሞት ያውቃል?"

"ጉበቱ እስኪጥለው ድረስ እየተራመደ ነው የኖረ።"

የሆነውን ለዶክተሯ በነገርኳት ጊዜ፣ ይህም በማግስቱ ነው፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስቃ የአዲስ አበባውን ማዘዣ ሰረዘችው፤ ሶዳውን ከተውኩ ወዲህ ማዕድኑ በራሱ ተስተካክሎ መቆየቱንም በሌላ ምርመራ አረጋገጠች። የቤተልሔምም መደንዘዝ ክንዷን ተንተርሳ በማንበቧ ነበር። ይህን ሁሉ ግን በዚያች ከሰዓት በኋላ ገና አላውቅም ነበር። የማውቀው የአማን ቃል ብቻ ነው፤ ለእኔ ይበቃኝ ነበር።

ደግሞም አዘንኩ፤ ይህንንም አልደብቅም። ያ ጠመኔ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ጎንበስ ብሎ ማንሣት፣ ከአባቴ በጣም የቀረበኝ ነገር እርሱ ነበር፤ አንዱም አልሆነም። በእርሱ ቦታ የተሰጠኝ ሳህን በጣቱ የሚጠርግ፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን የሚያፍር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን አባቴን አላውቀውም ነበር። ብተዋወቀው እወደው ነበር።

"አባቴን ነው የወረስኩት ብዬ ነበር፣ አማ" አልኳት፤ ለምን እንዳልኳት አላውቅም።

"ስጠኝ እስቲ እጅህን።"

ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ አንጓዎቹን፣ ጥፍሮቹን፣ የአውራ ጣቴን ሥር። ቀና አድርጋ ዘረጋቻቸው፤ ተዘረጉ። መዳፌን በመዳፏ ላይ ገልብጣ ለካችው። ዓይኖቿ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሩቅ ነበሩ።

"ይኼማ የመምህር አይደለም" አለች። "ይኼ የእናትህ እጅ ነው።"

የእናቴን እጅ አላስታውሰውም። ያለችኝ ፎቶግራፍ አንዲት ናት፤ በእርሷም እጆቿ በነጠላዋ ሥር ናቸው። አማ እጄን አልለቀቀችም፤ እኔም አልሳብኩትም። ፀሐይዋ ከግንቡ ጀርባ እስክትወርድ ድረስ በደጇ ተቀምጠን፣ በእጇ ውስጥ ያለውን እጅ አየሁት።